ክላስተሩ አዲሱን ሰርቨር እንቢ ሲል

ቢሮ ውስጥ ሁለት የቆዩ ሰርቨሮች አሉ እንበል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሀስዌል ዚዮን የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለባቸው። አሁን ደግሞ ከሱ በኋላ የመጣው የኢንቴል ትውልድ፣ ስካይሌክ፣ ያለበት ሦስተኛ ተጨመረ። ኢኤስኤክስአይ (ቪኤሞችን የሚያስኬደው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ጫናችሁበት፣ ክላስተሩ (አብረው የሚተዳደሩት ሰርቨሮች ስብስብ) ውስጥ አስገባችሁት፣ እዚያው ላይ ያስነሳችሁትን ቪኤም (ሰርቨሩ ውስጥ የሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር) በቪሞሽን፣ ማለትም ሳይጠፋ፣ ወደ አሮጌው ልታዛውሩ ስትሉ የሆስቱ (ቪኤሙን የሚያስተናግደው ሰርቨር) ሲፒዩ አይስማማም የሚል ቀይ መልእክት መጣ። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ኔትወርኩ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ኬብል ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ።

ኬብሉ ምንም አላደረገም። ቪኤም ሲበራ ፕሮሰሰሩ ምን ምን እንደሚችል ያያል፣ ያየውንም እስኪጠፋ ድረስ ይዞት ይቆያል። ስካይሌክ ላይ የተነሳ ኤቪኤክስ-512 የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዞች ስብስብ አለኝ ብሎ ነው የሚሠራው። ሀስዌል ደግሞ እሱን አያውቀውም፤ እንደበራ እዚያ ቢያርፍ መሀል ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ስለዚህ ቪሴንተር (ክላስተሩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ቀድሞ ይከለክላል። ከአሮጌ ወደ አዲስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው።

ኢንቴልና ኤኤምዲ ከቀላቀላችሁ አትድከሙ። ቪኤሙን አጥፍቶ ከማዛወር ሌላ መንገድ የለም።

ሁሉም ኢንቴል ከሆኑ መፍትሔው ኢቪሲ የሚባለው የክላስተሩ ቅንብር ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር እያወቀ እንዳላወቀ እንዲሆን ያደርገዋል። ክላስተሩን ምረጡ፣ ኮንፊገር፣ ቪኤምዌር ኢቪሲ፣ ኤዲት፤ ከዚያ የኢንቴሉን ከፍታችሁ ካላችሁት ሁሉ የሚያረጀውን ትውልድ ምረጡ፣ እዚህ ሀስዌልን ማለት ነው። ፍጥነት ይቀንሳል ብላችሁ አትፍሩ፣ የሚደበቁት አንዳንድ ትእዛዞች እንጂ ኮሮቹ ወይም ጊጋኸርዙ አይደሉም።

ኢቪሲው አልበራም ካለ መጀመሪያ አዲሱ ሆስት ላይ የበራ ቪኤም እንዳለ እዩ። ካለ ይጥፋ፤ ሪስታርት አይቆጠርም። እኔ ዊንዶውሱን ከውስጥ ሁለቴ ሪስታርት አድርጌ ያው መልእክት ሲመጣ ነው የገባኝ፣ ቪኤሙ ፓወር ኦፍ ካልተደረገ የያዘውን አይለቅም። የሚያናድደው ቪሴንተሩ ራሱ ቪኤም ሆኖ አዲሱ ሆስት ላይ ሲሆን ነው፣ ምክንያቱም እሱን ካጠፋችሁት ኢቪሲን በምን ልታበሩ ነው? ስቶሬጁ የጋራ ከሆነ ቪሴንተሩን አጥፉና በአሮጌው ሆስት የራሱ ዌብ ገጽ ገብታችሁ ቪኤሙን ሬጂስተር አድርጉት፣ እዚያው አስነሱት።

ቀጥሎ ባዮስ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር። ቪቲ-ኤክስ (ቪኤም ለማስኬድ የሚረዳው) እና ኤክስዲ (ከጎጂ ኮድ የሚከላከለው) መብራት አለባቸው። ኤኢኤስም (የምስጠራ ትእዛዞቹ) እንዲሁ፤ እሱ ጠፍቶ ከሆነ ሆስቱ የሚችለውን ትውልድ አልችልም ይላል፣ ሰውም ፕሮሰሰሩን ይጠረጥራል። ሞዴላቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሰርቨሮች ሲጣሉ ካያችሁ ደግሞ የባዮስ ቨርዥናቸውን አወዳድሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተት ሲወጣ የመጣው ማይክሮኮድ (ከባዮስ ጋር የሚጫን የፕሮሰሰሩ ማደሻ) ለፕሮሰሰሮች አዳዲስ ባሕርያት ስለጨመረ፣ አንዱ ታድሶ ሌላው ከቀረ ለቪሴንተር ሁለት የተለያዩ ሲፒዩዎች ናቸው።

በቪኤምዌር ፋንታ ፕሮክስሞክስ የምትጠቀሙም አላመለጣችሁም። የሲፒዩ ዓይነቱን ሆስት ብላችሁ ከተዋችሁት ያው ጣጣ ነው፤ ሁሉም ሰርቨሮች ወደሚያውቁት የጋራ ዓይነት፣ ኤክስ86-64-ቪ2-ኤኢኤስ፣ ቀይሩትና ቪኤሙን አጥፍታችሁ አብሩ።

አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ሲወጡ ኢቪሲውን ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ለዚያ ማንንም ማጥፋት አያስፈልግም። ቪኤሞቹ ግን አዲሱን ነገር የሚያዩት ጠፍተው ሲነሱ ነውና ለሌላ ጥገና በምታጠፏቸው ሌሊት አብራችሁ ጨርሱት።