ጀልባችሁን ነፋስ ስንት ዲግሪ እንደሚገፋው በሲባጎ ለኩ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስትሻገሩ ነፋስ ከጎን ከመጣ፣ ኮምፓሱ ትክክል እያሳየ ጀልባው ወደ ጎን ይንሸራተታል። 5 ዲግሪ ብቻ ብትንሸራተቱ በ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ 870 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ።

ግማሽ ክብ ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ) በጀልባው ኋላ፣ ልክ መሃል ላይ፣ 90 ቁጥሩ ቀጥታ ወደ ኋላ እንዲያይ አድርጋችሁ ምቱ። ቀጥታ መሆኑን ከፊት እስከ ኋላ ክር ወጥራችሁ አረጋግጡ፤ እዚህ ላይ 2 ዲግሪ ከተሳሳታችሁ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በፕሮትራክተሩ መሃል ነጥብ ላይ ሚስማር ምቱና 20 ሜትር ቀጭን ሲባጎ እሰሩበት፤ የሲባጎው ጫፍ ላይ ደግሞ ውሃ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ። እንዳይሰጥም አንድ ጣት ያህል አየር ተዉለት። ባዶውን ከሆነ ነፋሱ እሱንም ይገፋዋል። ሲባጎው ካጠረም ሞተሩ የሚበጠብጠው ውሃ ያወዛውዘዋል።

ፕላስቲኩን ከኋላ ውሃው ላይ ጣሉትና አቅጣጫ ሳትቀይሩ እየሄዳችሁ ሲባጎው ያረፈበትን ቁጥር 10 ጊዜ አንብቡና አማካዩን ውሰዱ። 97 ወይም 83 ከሆነ መንሸራተቱ 7 ዲግሪ ነው። ሲባጎው የሚያጋድለው ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ነው፤ ጀልባው የተገፋው ከዚያ ነውና። የጀልባውን ፊት 7 ዲግሪ ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ እንደገናም ለኩ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን በዚህ ብቻ አትመኩ፤ ፍሰቱ ፕላስቲኩንም ጀልባውንም እኩል ስለሚወስድ ሲባጎው አያሳየውም። ደንገልና መረብ ባለበት አትጣሉት። ሞተሩን ወደ ኋላ ከማስኬዳችሁ በፊትም ሰብስቡት፣ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል።