ጀማሪ ልጅ ፒኑን ሳይሆን ቀስቷን ያነጣጥር

ልጅ ቦውሊንግ ልታስጀምሩ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሞክሯት። ኳሱ ሁለት ሦስቴ በወለሉ ጎንና ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ከገባበት ያኮርፋል፣ ከዚያ "እንሂድ" ነው። ስለዚህ ለጊዜው የሰሌዳውን ነጥብ እርሱት። ከመወርወሪያው መስመር 4 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ወለሉ ላይ 7 ቀስቶች አሉ፤ "መሃለኛዋ ላይ ካሳለፍከው አንድ ነጥብ" በሉት፣ ፒን (መጨረሻ ላይ የተደረደሩት ጠርሙስ መሳይ ዒላማዎች) ወደቀም አልወደቀም። ፒኖቹ ከ18 ሜትር በላይ ይርቃሉ፣ ቀስቷ ግን አፍንጫው ስር ስለሆነች በየት በኩል እንደሳታት ወዲያው ያየዋል፣ ቀጣዩንም ራሱ ያስተካክላል።

በየሳምንቱ መክፈል ለኪስ ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ ባዶ ሃይላንድ ደርድራችሁ፣ መሃል ላይ ቀስት በጠመኔ ስላችሁ በቀላል ኳስ ይለማመድ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ኮሪደሩ ይበቃል፣ ጎረቤት እስካልጮኸ ድረስ!

ኳሱ ከከበደው ግን ቀስቷም አታድነውም። ኳሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓውንድ ነው፤ ከልጁ ክብደት አንድ አስረኛ ባይበልጥ ይመረጣል፣ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ አስረኛው 3 ኪሎ፣ ማለትም 6 ፓውንድ ተኩል ገደማ ስለሆነ ባለ 6ቱ በቂ ነው። ደግሞ እሱ ራሱ "ስንት ጣልኩ?" ማለት ከጀመረ የቀስቷን ጨዋታ ተዉት፣ በሰሌዳው ይጫወት።