ከኮምፒውተር ጋር ስትሽቀዳደሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል" ያላለ የመኪና ሲሙሌሽን (እውነተኛ አነዳድን የሚያስመስል የውድድር ጌም) ተጫዋች የለም። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ውድድሩን ያበላሸው ገና ከመነሳታችን በፊት የመረጥነው የተፎካካሪዎች ጥንካሬ ቁጥር ወይም የራሳችን አነዳድ ነው።

እኔ በብዛት የምጫወተው ከኮምፒውተር ጋር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ጎን ለጎን መንዳት ከባድ ነው። ኔትወርኩ ትንሽ ሲንቀራፈፍ ከፊት ያለው መኪና ይዘላል፣ ሳትነኩት ተጋጫችሁ ይባላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው መኪኖች እንደ ሰው መንዳታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ሰው ስል በስፖኪዮ የሚያየኝ፣ ጎኑ ስደርስ ቦታ የሚተውልኝ፣ ስጠጋው የሚከላከል፣ ሲጨንቀው ደግሞ የሚሳሳት ማለቴ ነው። ፍጥነት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጥንካሬውን ጫፍ ላይ ሰቅሎ መጀመር

አውቶሞቢሊስታ 2 የሚባለው ጌም ላይ የተፎካካሪዎች ጥንካሬ ከ70 እስከ 120 ይሄዳል። የፎርሙላ 1 ጌሞች ላይ ከ0 እስከ 110 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጌሙ እውነተኛ እየሆነ የሚሄድ ይመስላል። ቁጥሩ የሚለውጠው ግን በዋናነት ፍጥነትን ነው። በአንድ ዙር ሦስት ሰከንድ የሚቀድማችሁ መኪና ከሁለተኛው ዙር በኋላ አይታያችሁም። ሦስት ሰከንድ የሚዘገየውን ደግሞ እናንተ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ። በሁለቱም መንገድ ብቻችሁን ነው የምትነዱት።

ልኩን ለማግኘት ጥሩው መንገድ ይሄ ነው። ለውድድር የሚበቃ ነዳጅ ሞልታችሁ ብቻችሁን 10 ዙር ንዱ። ከዚያ አማካይ ሰዓታችሁን ያዙ። ምርጡን ዙር አትያዙ፤ እሱ አንዴ የተሳካላችሁ ነው፣ በየዙሩ አትደግሙትም። ቀጥሎ አጭር ውድድር አድርጉና መሀል ላይ የጨረሰው መኪና በአማካይ ስንት እንደነዳ እዩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ከበለጠ ቁጥሩን ሁለት ሦስት ነጥብ እያነሳችሁ ወይም እየጨመራችሁ ሞክሩ። አንድ ምሽት ይወስዳል። ግን ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዷ ቦታ ትታገላላችሁ።

አንዱን ቁጥር ለሁሉም ትራክ መጠቀም

ጣሊያን ያለው የሞንዛ ትራክ ላይ የተስማማችሁ ቁጥር ጀርመን ያለው ኑርበርግሪንግ ላይ ላይሠራ ይችላል። ምክንያቱ አለው። አሴቶ ኮርሳ የሚባለው ጌም ላይ ኮምፒውተሩ የሚከተለው መስመር ለእያንዳንዱ ትራክ ተለይቶ የተቀዳ ፋይል ነው። አንድ ሰው ትራኩን ነድቶ፣ የነዳበት መንገድ ተቀድቶ ነው ተፎካካሪዎቹ የሚከተሉት። ቀጂው ጥሩ ከነዳ ተፎካካሪዎቹም ደህና ይሆናሉ። ቀጂው አንዱ ኩርባ ላይ ከፈራ ሁሉም እዚያ ይፈራሉ።

በተለይ ተጫዋቾች ሠርተው በነፃ የሚለቋቸው ትራኮች ላይ ይሄን አስታውሱ። ሃያውም መኪና አንድ ኩርባ ላይ ተራ በተራ ከመንገድ ከወጣ ጌሙን አትስደቡ፣ መስመሩ ነው የተበላሸው። ሌላ ሰው ያስተካከለው መስመር ካለ ፈልጋችሁ ቀይሩት። የየትራኩን ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍም ይጠቅማል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጥፋተኛውን መሳት

ለእኔ ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። ሞንዛን እንውሰድ። አንድ ዙሩ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሻው በኋላ ረጅም ቀጥታ መንገድ አለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ በጣም የጠበበ የቀኝና የግራ ኩርባ ይጠብቃችኋል። በፎርሙላ 1 መኪና በልምምድ ዙር ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረራችሁ መጥታችሁ ከ100 በታች ትወርዳላችሁ። ብቻችሁን ደጋግማችሁ ስለነዳችሁ ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ በደንብ ታውቁታላችሁ።

ውድድር ሲጀመር ግን 20 መኪና ተደራርቦ ነው እዚያ የሚደርሰው። የመጀመሪያው ትንሽ ቀደም ብሎ ፍሬን ይይዛል። ሁለተኛው ከእሱም ቀደም ብሎ ይይዛል። አሥረኛው ጋ ሲደርስ መኪናው ሊቆም ምንም አይቀረው። በእውነተኛ ውድድርም የሚሆነው ይሄው ነው። እናንተ ግን በልምምድ ወደለመዳችሁት ቦታ ትሄዳላችሁ፣ የፊተኛው ኋላ ላይ ትለጠፋላችሁ፣ ከዚያ "በድንገት ፍሬን ያዘብኝ" ትላላችሁ። ስትነሱ መሀል ወይም መጨረሻ ላይ ከሆናችሁ ለመጀመሪያዋ ኩርባ ብቻ ፍሬናችሁን በጣም አስቀድሙ። ዓይናችሁ ከፊታችሁ ካለው መኪና አልፎ የሦስተኛውንና የአራተኛውን የፍሬን መብራት ይመልከት።

ሁለተኛው ጣጣ ከውስጥ በኩል መወርወር ነው። ከኋላ መጥታችሁ በመጨረሻዋ ሰከንድ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ፣ እሱም ኩርባውን ይዞ ይዞርና ይጋጫችኋል። "አላየኝም" ከማለታችሁ በፊት ሪፕሌዩን (የውድድሩን ቅጂ) ከእሱ መኪና ውስጥ ሆናችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ እሱ መዞር ሲጀምር እናንተ ገና ከኋላው ናችሁ። በቅርብ ዓመታት በወጣው የፎርሙላ 1 የአነዳድ መመሪያ ከውስጥ የሚያልፍ ሰው ቦታ ይገባኛል የሚለው የፊት ጎማው ኩርባው መሀል ላይ ቢያንስ ከሌላው ስፖኪዮ እኩል ሲሆን ነው። ይህን ልክ ኮምፒውተሩ ላይም ተጠቀሙበት። ፍሬን ከመያዛችሁ በፊት ጎኑ ድረሱ። እንደዚያ አድርጋችሁም ከዘጋባችሁ ያኔ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ኃይለኝነትን ከችሎታ ጋር ማምታታት

ብዙ ጌሞች ከጥንካሬ ሌላ ኃይለኝነትን የሚወስን ቁጥር አላቸው። ጥንካሬ ምን ያህል ይፈጥናል ነው። ኃይለኝነት ምን ያህል ይዳፈራል ነው። ኃይለኝነቱ ዝቅ ሲል መኪኖቹ እንደ ባቡር ተከታትለው ይሄዳሉ፣ ማንም ማንንም አያልፍም። በጣም ከፍ ሲል ይገፈታተራሉ። እኔ ጎማቸው ወደ ውጭ ለወጣ መኪኖች፣ ለምሳሌ ለፎርሙላ፣ ዝቅ አደርገዋለሁ። እነዚህ ጎማ ለጎማ ከተነካኩ መኪናው ሊነሳ ይችላል። ጣራና በር ላላቸው የውድድር መኪኖች ከፍ ይላል። እነሱ በእውነተኛውም ውድድር ትከሻ ለትከሻ መነካካት ልማዳቸው ነው።

ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ

20 መኪና በእኩል ጥንካሬ ካሰለፋችሁ 20 ግልባጭ ነው የምታገኙት። ሰልፉ እስከ መጨረሻ አይበተንም። አይሬሲንግ የሚባለው ጌም ላይ ለእያንዳንዱ ተፎካካሪ ችሎታ፣ ኃይለኝነት፣ የአነዳድ ለስላሳነት፣ ዕድሜ ሳይቀር ለየብቻ ይሰጣል። የእናንተ ጌም የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ሦስቱን ከእናንተ አስበልጡ፣ ብዙዎቹን እናንተ አካባቢ አድርጉ፣ የቀሩትን ዝቅ አድርጉ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የኋለኛውን የሚረዳውን ነገር ሳያጠፉ መተው

አንዳንድ ጌሞች ወደኋላ ለቀረ መኪና ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣሉ። በርትታችሁ የፈጠራችሁት ክፍተት ያለምክንያት ይጠፋል። ማጥፊያ ካለው አጥፉት።

ከሁሉም ጌም ሶፊን መጠበቅ

የሶኒ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል የሆነው ሶኒ ኤአይ ግራን ቱሪስሞ ለሚባለው የፕሌይስቴሽን ጌም የሠራው ሶፊ የሚባል ተፎካካሪ ከሌሎቹ የተለየ ነው። የተቀዳ መስመር አይከተልም። ከ1000 በላይ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እየነዳ፣ እየተሳሳተ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጁላይ ላይ ከምርጥ የሰው ተጫዋቾች ጋር በቡድን ተወዳድሮ 86 ለ70 ተሸነፈ። ኦክቶበር ላይ ተመልሶ 104 ለ52 አሸነፈ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። ሠሪዎቹ ብዙ የተቸገሩት ጨዋነት ላይ ነበር። ሲጋጭ የሚቀጣው ቅጣት ከበዛ ፈሪ ይሆናል፣ አጠገቡ መኪና ሲያይ ይሸሻል። ቅጣቱ ካነሰ ደግሞ ሰውን እየገፋ ያልፋል። ያንን መሀል ማግኘት ነው ሥራው። ስለዚህ የእናንተ ጌም ተፎካካሪ የተቀዳ መስመር የሚከተል ከሆነ ድክመቱን አውቃችሁ ንዱ። ከመስመሩ ውጭ ብዙ አማራጭ የለውም፣ ድንገት መስመር ስትቀያይሩበት ይደናገራል። ሶፊ ከ2023 ጀምሮ ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ስላለ ሁለቱን ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ሦስት ዙር ብቻ መወዳደር

ሦስት ዙር ውስጥ ጎማ አያልቅም፣ ነዳጅ አይቀልም፣ የሚሳሳት አይኖርም። ከመጨረሻ ተነስታችሁ በሦስት ዙር አንደኛ መውጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ መግፋት ግዴታ ይሆንባችኋል። የጎማና የነዳጅ ፍጆታውን አብሩ፣ ቢያንስ 25 ደቂቃ ስጡት። መሀል ላይ ተነሱ። ጌሙ ለተፎካካሪዎቹም የጎማ ማለቅን የሚያሰላ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከፊታችሁ ያለው መኪና ከኩርባ ሲወጣ ኋላው ትንሽ ይንሸራተታል። ተጠጉትና በስፖኪዮው ውስጥ ቆዩ፣ ለማለፍ አትቸኩሉ። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ፍሬኑን አዘግይቶ ይይዝና ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ውስጡ ክፍት ነው።