የድንጋይ ካውንተር ላይ የውሃ ቦይ ከማስቆረጣችሁ በፊት

ይሄ በቅርብ መጥታችሁ ቤት ገዝታችሁ ኪችን ለምታሠሩ ነው። ኪራይ ቤት ያላችሁ ድንጋዩን እንዳትነኩ፣ ከስሩ ትሪ ያለው ተንቀሳቃሽ የዕቃ ማንጠፍጠፊያ ገዝታችሁ ተገላገሉ።

ሠራተኛው ልክ ሊወስድ ሲመጣ "ድሬይነር ግሩቭ ትፈልጋላችሁ ወይ" ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እኔ ያኔ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ የስ ብዬ አለፍኩት። ከሲንኩ ጎን ድንጋዩ ላይ የሚፈለፈሉት ቦዮች ናቸው፣ ዕቃ አጥባችሁ ስትደፉበት የሚንጠፈጠፈው ውሃ በነሱ አድርጎ ሲንክ እንዲገባ። ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ሆነው ርዝመታቸው 40 ሴንቲ አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው ስንት ይሁኑ፣ ቀጥ ይበሉ ወይስ እንደ ማራገቢያ ይበተኑ በሚለው ነው፣ እሱ የዓይን ጉዳይ ነው እንጂ ዋናው ቁልቁለቱ ነው።

የኔዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥልቀታቸው እኩል ነው። ካውንተር ደግሞ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ነው የሚገጠመው፣ ስለዚህ ቦዩ ራሱ ካልዘቀዘቀ ውሃው የት ይሄዳል፣ እዛው ቁጭ ነው። ጠዋት ስነሳ አምስት ቀጫጭን ኩሬ ሳሙና ቅልቅል ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ አንድ በአንድ እየገፋሁ ሲንክ አስገባለሁ፣ ሰውየውን ስጠይቀው "ስሎፕ አላዘዝክም" አለኝ። እውነቱን ነው አላዘዝኩም፣ ግን ቦይ ያዘዘ ሰው ለምን ያዘዘ መሰለው?

ስለዚህ ስታዙ ሩቁ ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊ ጀምሮ ሲንኩ ጋ ሲደርስ 5 ሚሊ አካባቢ ይሁን በሉ፣ ስዕሉ ላይም አስጽፉት። ድንጋዩ 3 ሴንቲ ውፍረት ካለው ችግር የለም፣ 2 ሴንቲ ከሆነ ግን ምን ያህል እንደሚቆርጡት ቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞ ሲንኩ ከድንጋዩ ስር የሚገጠም፣ አንደርማውንት የሚሉት መሆን አለበት። ከላይ የሚቀመጥ ከሆነ ጠርዙ ግድብ ነው የሚሆነው፣ ቦዩ የቱንም ያህል ቢዘቀዝቅ ውሃው ጠርዙ ጋ ደርሶ ይቆማል።

ድንጋዩን በተመለከተ ግራናይትና ኳርትዝ (ከድንጋይ ፍርፋሪና ማጣበቂያ ፋብሪካ የሚሠራው) ለቦይ ይመቻሉ፣ ግራናይት ከሆነ ሲለሩ፣ ድንጋዩ ውሃና ቅባት እንዳይመጥ የሚቀባው ማለት ነው፣ ቦዩ ውስጥም ይቀባ። ፖርሴሊን፣ እንደ ሴራሚክ ተቃጥሎ የሚሠራው፣ እሱ ላይ ተጠንቀቁ፣ ብዙዎቹ ላይ ንድፉ የላይኛው ፊት ብቻ ስለሆነ ሲቆረጥ ከስር ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነገር ሾሩም ውስጥ ልብ ይሰርቃል፣ ውሃው ካልሲየም የሚበዛበት አካባቢ ከሆናችሁ ግን ቦዩ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር እየደረቀ በጥርስ ብሩሽ ስትፈትጉ ትኖራላችሁ። እሱን በኮምጣጤ አስለቅቃለሁ ብላችሁ እብነበረድ ላይ እንዳትሞክሩ፣ አሲድ ይበላዋል።

ከቻላችሁ ናሙና ድንጋይ ላይ የራሳችሁን ብርጭቆ ደፍታችሁ ሞክሩ፣ አፉ ጠበብ ያለ ከሆነ ቦዩ አፋፍ ላይ ይወላገዳል። ኪችናችሁ ጠባብ ከሆነም ቦይ የገባበት ቦታ ለጥ ያለ የሥራ ቦታ መሆኑ እንደሚቀር አስቡበት፣ እኔ ብሆን አሁን ትቼው ማንጠፍጠፊያ እገዛ ነበር።

ቆይቶ ቤት ውስጥ ይቆረጣል የሚላችሁ አለ፣ ይቆረጣል፣ ግን የድንጋይ ብናኝ በተለይ የኳርትዝ ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ድንጋዩ ፋብሪካ እያለ ተቆርጦ ይለቅ። ገጥመው ሲጨርሱ ሳይወጡ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሩቁ ጫፍ ላይ አፍሱና እነሱም ቆመው ይዩት። እኔ ያፈሰስኩት ሂሳብ ከፍዬ መኪናቸው ከሄደ በኋላ ነው።