የገና ብስኩት፦ ሳይቀምሱ መጋገር

የገናን ብስኩት ከሌላው ጊዜ ብስኩት የሚለየው ቅርጹ ወይም ቅመሙ አይደለም፤ ጋጋሪው አለመቅመሱ ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾም 43 ቀን ቆይቶ የገና ሌሊት ቅዳሴ እስኪያበቃ ድረስ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ ወተትም አፍ አይነኩም። ብስኩቱ የሚሠራው ደግሞ ከነዚሁ ከሦስቱ ነው። ስለዚህ ሊጡን በጣት ነካ አድርጎ መላስ የለም፤ ከፓትራው ዳር የተሰበረችውን አንስቶ አፍ ውስጥ ጣል ማድረግም የለም። ሥራው የዓይን፣ የእጅና የአፍንጫ ነው። አፍንጫ እንደሚዋሽ ግን እኔ የተማርኩት በገዛ ቤቴ፣ እንግዳ ፊት ነው። እሱን ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ብስኩቱ የእናቴ ነው። እማዬ የምትለካው በአንዲት የቡና ስኒ ነበር። ስኒዋ ተሰበረች፤ ልኬቱም አብሯት ሄደ። "እጅሽ ያውቀዋል" ትለኝ ነበር፤ እጄ ግን አያውቅም። ሁለት ገና ሙሉ ከሚዛን ጋር ስታገል ከርሜ የደረስኩበት ልክ የሚከተለው ነው፤ ከአንድ ቤተሰብና ከመጪ ሂያጁ አልፎ ለጎረቤትም ይተርፋል።

1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 300 ግራም ስኳር፣ 400 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 4 የፈረንጅ እንቁላል (የሀበሻ ከሆነ 6፣ ትንንሽ ነውና)፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ የ2 ብርቱካን ልጣጭ ተፈግፍጎ። ልጣጩን ስትፈገፍጉ ብርቱካናማው ብቻ ይበቃል፤ ነጩ ይመራል። ቫኒላ ከፈለጋችሁ ጨምሩ። እኔ የፓኬቱ ቫኒላ ሽታው ከኮረሪማው ጋር ስለሚጣላብኝ ትቼዋለሁ።

መቼ እንጋግር? ታኅሣሥ 26 ወይም 27። ዋዜማው የዶሮና የድፎ ዳቦ ቀን ነው፤ ምድጃውም ሰውም ለብስኩት ጊዜ የላቸውም። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ያን ዓመት አንድ ቀን ቀደም በሉ።

መጀመሪያ ስኳሩን በብሌንደር ወይም በሙቀጫ አድቅቁት። የኛ ስኳር ሸካራ ነው፤ ቅቤ ውስጥ ቶሎ ስለማይሟሟ በኋላ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ከዚያ ቅቤና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቱት። ቅቤው በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ይሁን እንጂ የቀለጠ አይሁን፤ በቀለጠ ቅቤ የተሠራ ብስኩት ፓትራው ላይ ይንጣለላል። የታኅሣሥ ጠዋት ቅቤን ድንጋይ ያደርጋልና ማታውኑ ከቆርቆሮው አውጥታችሁ አሳድሩት። እሳት ዳር አትጠጉት።

የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ስብ ሲሆን 16 ያህሉ ውሃ ነው። በተነጠረ ቅቤ መሥራት ከፈለጋችሁ ውሃው ሲነጠር ተኖ ስላለቀ 330 ግራም ይበቃችኋል፤ የጎደለውን እርጥበት በ4 የሾርባ ማንኪያ ወተት ተኩት። ጣዕሙ ከገበታው ቅቤ ይበልጣል፤ እኔም የምሠራው በሱ ነው። ያለ ቅመም የተነጠረ መሆኑን ግን ሦስት ጊዜ አረጋግጡ።

ስለ አፍንጫዬ እነግራችኋለሁ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ታኅሣሥ 27 ማታ፣ የዶሮው ሽንኩርት ከቀትር ጀምሮ እየተቁላላ ነው። መደርደሪያው ላይ መንታ የሚመስሉ ሁለት የወተት ቆርቆሮዎች አሉ። አንዱ ውስጥ ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ አለ፤ ሌላው ውስጥ ያለው በኮረሪማ፣ በአብሽ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ለወጥ የተነጠረ ነው። የወጡን አነሳሁ። ቤቱ ሁሉ ወጥ ወጥ ስለሚሸት አፍንጫዬ አልነገረኝም፤ ምላሴ ደግሞ ጾመኛ ነው። አንድ ኪሎ ሙሉ ጋገርኩ። የገና ጠዋት ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብስኩቱ በሰሃን ቀረበ። አባዬ አንዱን ገመጠ፣ ቀስ አድርጎ አኘከ፣ ከዚያ "ልጄ፣ ይኼ እንጀራ ይፈልጋል" አለ።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮዎቼ ላይ ተጽፎባቸዋል። ቅቤውንም የማሸተው በረንዳ ወጥቼ ነው። ቀማሽም አግኝቻለሁ። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፤ የመጀመሪያዋ ብስኩት ከምድጃው እንደወጣች ወደሷ ትሄዳለች፣ ፍርዱም ከነምክንያቱ ይመጣል። በረመዳን ቀን ቀን የምስር ሳምቡሳዋን ጨው የምቀምስላት እኔ ነኝ። ሕፃናትን አትመኑ፤ ገና ጾም ያልጀመረ ልጅ ስኳር ካለው ሁሉንም "ይጣፍጣል" ይላል። ያን ዓመት የእህቴ ልጅ ያንን ጉድ አራት በልቷል።

እንቁላሉን አንድ በአንድ እየጨመራችሁ ምቱ። ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨውና ኮረሪማውን አብራችሁ ንፉና ከልጣጩ ጋር ጨምሩ። እንደ ዳቦ አትሹት፤ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል። ተሰብስቦ እጅ ከለቀቀ በቃ። ከዚያ ሸፍናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፉት። ፍሪጅ የግድ አይደለም። የታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ ከፍሪጅ አያንስም፣ መብራትም አይጠፋበትም፤ ክዳኑ ላይ ግን ድመት የማያነሳው ድንጋይ ጫኑበት።

ቅርጹ እንደ ፍላጎታችሁ ነው። በእማዬ ጊዜ ብስኩት የሚወጣው በስጋ መፍጫው ነበር፤ አፉ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ብረት ይገጠምለታል፣ አንዱ እጀታውን ያዞራል፣ ሌላው ረጅሙን ሊጥ ተቀብሎ ይቆርጣል። ማን ያዙር በሚለው ጠብ ያልተነሳበት ገና ትዝ አይለኝም። አሁንም በሱው እሠራለሁ። በጾሙ ሁሉ ሥጋ ባይፈጭበትም ቀደም ብላችሁ እጠቡት፣ ካስፈለገም ደረቅ ዳቦ ፍጩበት፤ የተደበቀውን ይዞ ይወጣል። መፍጫ ከሌለ የሻይ ብርጭቆ አፍ ይበቃል። የኮከብና የጥድ ቅርጽ መቁረጫ በውድ መግዛት አያስፈልግም፤ ሊጥ ጥጋጥጉ ውስጥ እየቀረ ኮከቡ አምስት ጫፍ ይዞ አይወጣም።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። ሰው የሚወድቀው እሳቱ ላይ ነው።

ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የፈረንጅ አሠራር ግራም በግራም ተከትዬ የጋገርኩ ጊዜ፣ 24 ብስኩት ያስገባሁበት ፓትራ አንድ ቂጣ ይዞ ወጣ። ዱቄቱን ወቀስኩ፣ እንቁላሉን ወቀስኩ፣ ምድጃውንም ልሸጠው ደርሼ ነበር። ጥፋቱ ግን የከፍታው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣውን ጋዝ የሚጫነው አየር ትንሽ ነውና ሊጡ ሳይጠና በፊት ይነፋል፤ ከዚያ ይወድቃል። እርጥበቱም ቶሎ ስለሚተን የቀረው ስኳር ይበረታል፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ይፈሳል።

ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላሉ ሰዎች የተጻፈ አሠራር ከያዛችሁ፣ ከቤኪንግ ፓውደሩ ሲሶውን ቀንሱ፣ ከስኳሩ በኪሎ ዱቄት ሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ አንሱ፣ ዱቄቱን በእፍኝ ጨምሩ፣ ሙቀቱን ደግሞ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ከላይ የሰጠኋችሁ ልክ ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚህም ከፍ ትላለችና ቤኪንግ ፓውደሩን አንድ ተኩል አድርጉት። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሁለት ተኩል አይከብዳትም።

ምድጃውን 190 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አሙቁት። ከዚያ ፓትራውን ሞልታችሁ እንዳታስገቡ። ሦስት ብቻ አስገቡ። ከተንጣለሉ ቀሪው ሊጥ ላይ ሁለት እፍኝ ዱቄት ትጨምራላችሁ፤ ካልነቃነቁና ከተሰነጠቁ አንድ ማንኪያ ወተት። ለጎረቤቴ የምትሄደውም ከነዚህ ከሦስቱ አንዷ ናት። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ከሥር ያቃጥላልና ሁለት ፓትራ ደርቡ፤ በመካከላቸው የምትቀረው ትንሽ አየር ታድናችኋለች።

ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል፤ እናንተ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ዳሩን እዩ። ዳሩ ወርቃማ ሲሆንና መሃሉ ነጣ እንዳለ ሲቀር አንዱን በቢላ ጫፍ ገልብጡት። ሥሩ የማር መልክ ከያዘ አውጡ። በዚያ ሰዓት ብስኩቱ ለስላሳ ነው። ስንቱን ሰው የሚያሳስተው ይኼ ነው፦ "አልጠነከረም" ብሎ አምስት ደቂቃ ይጨምራል፣ በማግስቱ ሻይ የማያርሰው ድንጋይ ይሆንበታል። ብስኩት የሚጠነክረው ውጭ ሲቀዘቅዝ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቱ፤ የያዘው ሙቀት የጀመረውን ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ የሞከርኩት ከሥር አሮ ከላይ ሊጥ ሆኖ ወጣልኝ። ምጣዱን ለድፎው ተዉለት።

ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ቆርቆሮ ውስጥ አትክደኑት፤ በላቡ ይልማል። በደንብ የተከደነ ብስኩት እስከ ጥምቀት ይቆያል፤ በሐሳብ ደረጃ ማለቴ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሌላ ችግር አለባችሁ። የፈረንጆቹ ገና፣ ዲሴምበር 25፣ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ጾሙ መሃል ይወድቃል። እዚያ ያለችው እህቴ ለመሥሪያ ቤቷና ለልጆቿ ትምህርት ቤት የጾም ትሠራለች፦ በቅቤው ፈንታ 300 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በእንቁላሉ ፈንታ አንድ የውሃ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሌላው እንዳለ ነው። እሷ ያለችበት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ 3 ማንኪያ፣ ሙቀቱ 180። ይኼኛውን እየቀመሱ መሥራት ይቻላል፤ በዚህ ብቻ እቀናባታለሁ። የፍስኩን ለኛው ገና ትጋግራለች።

የበዓሉ ቀን ብስኩቱ ቀድሞ አይቀርብም። ከቅዳሴ የመጣ ሰው መጀመሪያ ዶሮውን ይፈልጋል። ድፎው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ቄጠማው ላይ ረከቦቱ ይቀመጣል፣ ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሩር ፍለጋ ይወጣሉ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለኛ መስኮት አይሠራም፣ እዚያ ላይ እንቆጣለን። ቡናው አቦል ሲቀዳ ቆርቆሮው ይከፈታል።

አባዬ ዛሬም አንዱን አንስቶ መጀመሪያ ያሸተዋል። ከዚያ ወደኔ ዞር ብሎ እንጀራ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል።