ፑትራጃያን ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማሌዥያ የሚሄድ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ኩዋላ ላምፑር ላይ ነው። መንትዮቹ ፎቆች፣ ገበያው፣ ግርግሩ። ፑትራጃያ ትዝ የምትለው በመጨረሻው ቀን፣ ሻንጣ ተዘግቶ ወደ ኤርፖርት ሲኬድ ነው። «መንገዳችን ላይ ናት፤ ሮዙን መስጊድ አይተን እንለፍ» ይባላል። እኔም መጀመሪያ ያየኋት በዚህ ዓይነት ጥድፊያ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሙሉ ቀን ሰጥቻት ስመለስ ሌላ ከተማ ሆና ጠበቀችኝ። ከታች የምነግራችሁ በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተማርኩትን ነው።

ጸጥታዋን እንደ ጉድለት ማየት

«ሰው የላትም እንዴ?» ብዙ ጎብኚ ከታክሲ እንደወረደ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሰውማ አላት፤ ቢሮ ገብቶባት ነው። ፑትራጃያ ከጅምሩ ለመንግሥት ሥራ የተነደፈች ከተማ ናት። ኩዋላ ላምፑር በትራፊክ ስትታነቅ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በማሃቲር መሐመድ ዘመን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርደው የጎማና የዘንባባ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ከባዶ ሠሯት። ግንባታው በ1995 ተጀመረ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ1999 ጀምሮ መግባት ጀመሩ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፓርላማውና ቤተ መንግሥቱ ግን ዛሬም ኩዋላ ላምፑር ናቸው።

ስለዚህ የምሽት ጭፈራና የገበያ ትርምስ ፈልጋችሁ አትሂዱ። የሐይቁን ዳር ይዛችሁ በዝግታ ለመራመድ ሂዱ። ሐይቁም ቢሆን ሰው የሠራው ነው። ወንዝ ገድበው 650 ሄክታር ያህል ውሃ አስተኙበት። ለውበት ብቻም አይደለም፤ የከተማዋን ሙቀት እንዲያበርድ ታስቦ ነው። ነዋሪው የሚዝናናበት ሰዓት ቅዳሜና እሁድ ማታ ማታ ነው። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ቤተሰብ ሣር ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል። ያን ጊዜ ጸጥታዋ ባዶነት እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ባቡር ማምታታት

ኬኤል ሴንትራል ከሚባለው ትልቅ ጣቢያ ወደ ኤርፖርት የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች አሉ። ኬኤልአይኤ ኤክስፕሬስ ፑትራጃያ አይቆምም። ኬኤልአይኤ ትራንዚት ይቆማል፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ትኬት ስትቆርጡ «ትራንዚት» በሉ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የኩዋላ ላምፑር ሜትሮ ፑትራጃያ ድረስ ይሄዳል፤ ዘገም ይላል እንጂ ርካሽ ነው።

«ካርታው ላይ ቅርብ ነው» ብሎ በእግር መነሳት

ይሄኛው ስህተት ሰውን ያደክማል። ከጣቢያው እስከ መስጊዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ፐርሲያራን ፐርዳና የሚባለው ዋናው ጎዳና ብቻውን ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መብራቶቹ ሳይቀሩ ጌጥ ናቸው። ግን አገሩ ለምድር ወገብ የቀረበ ነው፤ የቀትር ፀሐዩ ከአናት ላይ አይወርድም፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ሸሚዝ በአሥር ደቂቃ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። እኛ ራይድ እንደምንጠራው እዚያ ግራብ አለ። ረጅሙን መንገድ በእሱ ሂዱና እግራችሁን ለድልድዮቹና ለሐይቁ ዳር አቆዩት። ጃንጥላም ያዙ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ዱብ ይላል።

የሰላት ሰዓትን በአዲስ አበባ ልማድ መገመት

መስጊዶቹ ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚም ክፍት ናቸው፤ በሰላት ሰዓት ግን ጎብኚ አይገባም። አዲስ አበባ ዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማሌዥያ ሰዓቷ ከፀሐይዋ ስለሚቀድም ዙሁር የሚገባው በኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። «አሁንስ ሰግደው ጨርሰዋል» ብላችሁ ስትደርሱ ገና አዛን እየተባለ ሊሆን ይችላል። ዓርብ ለጁምዓ የሚዘጋበት ሰዓት ደግሞ ይረዝማል። ጠዋት መግባት ይሻላል፤ ብርሃኑም ለስላሳ ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ ክንድና ጉልበት ካልተሸፈነ በር ላይ ኮፍያ ያለው ረጅም ካባ ያውሷችኋል። ጫማ ማውለቁ ለኛ አገር ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚም ሆነ መስጊድ ሰጋጅ፣ አዲስ አይደለም። እኔን የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ካባውን እንደ ፎቶ ቤት ልብስ ለብሶ፣ ሰጋጅ ፊት ቆሞ፣ እየተሽከረከረ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ቁርኣን ይቀራሉ። አንገታቸውን እንኳ አላቀኑም፤ እኔ ግን አፈርኩ። እባካችሁ ድምፅ ቀንሱ።

ሮዙን አይቶ መመለስ

ፑትራ መስጊድ ውብ ነው፣ አልክድም። በ1999 የተጠናቀቀ፣ 15,000 ሰው የሚይዝ፣ ግማሽ አካሉ ሐይቁ ላይ ያረፈ የሚመስል ነው። ሮዝ የሆነው በቀለም ተቀብቶ ሳይሆን ግራናይቱ ራሱ ሮዝ ስለሆነ ነው። ተጠግታችሁ ድንጋዩን እዩት፤ ጥቁር፣ ነጭና ቀላ ያለ ፍሬ ተበትኖበታል። ከሩቅ ነው አንድ ቀለም የሚሆነው።

ግን ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ እዚያው ሐይቅ ዳር፣ ቱዋንኩ ሚዛን ዘይነል አቢዲን መስጊድ አለ። ሰዉ የብረት መስጊድ ይለዋል። 6,000 ቶን ያህል ብረት ገብቶበታል። ሚናራ፣ ማለትም የአዛን ማማ፣ የለውም። ግድግዳው የተሸመነ የብረት መረብ ነው፤ ብርሃንም ነፋስም በመረቡ ያልፋል። ውስጡ ቆማችሁ ዝም ስትሉ አየሩ ፊታችሁን ሲነካችሁ ይሰማችኋል። ሚህራቡ ጋ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ በሚያሳየው ግድግዳ በኩል፣ 13 ሜትር ከፍታ ያለው መስታወት ቆሟል፤ የቁርኣን አንቀጾች ተጽፈውበታል። መስታወቱ ብርሃን እንዳይመልስ ሆኖ ስለተሠራ ጽሑፉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ሮዙ ከውጭ ነው የሚማርከው፤ ይሄኛው ገብታችሁ ስትቀመጡ ነው።

ሁሉንም «የዓረብ ስታይል» ብሎ ማለፍ

እዚህ ከተማ እስላማዊ ኪነ ሕንፃ አንድ መልክ የለውም። የፑትራ መስጊድ ሚናራ፣ 116 ሜትር፣ ባግዳድ ያለውን የሼክ ዑመር መስጊድ ተከትሏል። የታችኛው ግድግዳው ካዛብላንካ ያለውን የንጉሥ ሐሰን መስጊድ ይመስላል። ፑትራ ድልድይ ደግሞ የተቀዳው ከኢራን ነው፤ ከኢስፋሃኑ ኻጁ ድልድይ። በዕፅዋት መናፈሻው በኩል የሞሮኮ ድንኳን የሚሉት ቤት አለ፤ የተፈለፈለ ልስንና በእጅ የተገጣጠመ ንጣፍ ሞልቶታል። አንዳንዱ ሰው ታዲያ «የማሌዎቹ የራሳቸው የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የእንጨት ቤት ጥበባቸው ከተማው ላይ በደንብ አይታይም። ቢሆንም ሮጦ ያለፈ ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅም አይበቃም።

ከመግሪብ (ከፀሐይ መግቢያው ሰላት) በፊት መሄድ

የጉብኝት አውቶቡሶች በብዛት ከቀትር በኋላ ይመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይሄዳሉ። እናንተ ቆዩ። ፑትራ መስጊድ ፊት ካለው አደባባይ ሥር፣ ውሃው ዳር፣ ምግብ ቤቶች አሉ። ናሲ ለማክ (በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ) ወይም ሮቲ ቻናይ (ስስ ቂጣ) እዘዙ። ቴ ታሪክም ጠጡ፤ ወተት ያለው ሻይ ነው፤ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እየቀዱ አረፋ ያበጁለታል። ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ነው። መጀመሪያ ግራናይቱ ይጠቁራል። ከዚያ አዛን ይሰማል፣ ጉልላቱ ይበራል፣ ድልድዮቹ ተራ በተራ ቀለም ይለብሳሉ። የመስጊዱ ጥላ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይተኛል። ጀልባ ስታልፍ ይሰባበራል፣ ስትርቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ይገጣጠማል።

የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ግን ጠዋት ስትወርዱ ጣቢያው ላይ ጠይቁ።