ሰባቱን ከዋክብት ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሐረርና የድሬዳዋ ሰማይ ጥርት ይላል። ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት በምሽት የሚታዩትም ያኔ ነው። ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና አብረው የተወለዱ፣ ከ1,000 በላይ ኮከቦች ያሉበት ዘለላ ነው። ዕድሜው 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ርቀቱ 440 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ440 ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ያህል ነው። ይህ ሁሉ አናታችን ላይ እያለ ብዙ ሰው በጥቃቅን ስህተት ሳያየው መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት «ቴሌስኮፕ ሳይኖረኝ ምን አያለሁ?» ማለት ነው። ዘለላው ሰፊ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ አራት ጊዜ ጎን ለጎን ብትደረደር የምትይዘውን ቦታ ያህል ይይዛል። በቴሌስኮፕ በጣም ካጎሉት ጥቂት ኮከቦች ብቻ ይቀሩና መልኩ ይጠፋል። 7 በ50 የሚባለው (7 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። በባዶ ዓይን ስድስት የነበሩት በአንዴ በደርዘን ሲሆኑ፣ ነጭ ሆነው ወደ ሰማያዊ ሲያደሉ ማየት ልብ ይሰርቃል።

ሁለተኛው ስህተት የአቅጣጫ ነው። ለአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ «ወደ ደቡብ ይመልከቱ» ይላል። እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። በገና ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው ነው የሚገኙት። ቆሞ ማንጋጠጥ አንገት ይሰብራል። ምንጣፍ ያንጥፉና በጀርባዎ ይተኙ። ለድሬ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፦ ብናኙ የሚበዛው ከአድማስ አካባቢ ስለሆነ አናት ላይ ያለው ሰማይ የተሻለ ይጠራል። ሐረር ጨለማ ፍለጋ ብቻዎን ከጀጎል ውጭ ማምሸት አያስፈልግም፤ ጅቡም አለ። የመንገድ መብራት የማይደርስበት ጣሪያ ይበቃል።

ስልክ መነካካት ሌላው ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አንዴ ስክሪን ካዩ እንደገና ከዜሮ ነው። ሙሉ ጨረቃ ያለችበትን ሳምንትም ይተዉት።

ሰባት ካልሞሉልኝ ብለው አይበሳጩ። ብዙ ሰው የሚያየው ስድስት ነው። አፍጥጠው ከማየት ይልቅ ትንሽ ጎናቸውን ቢያዩ ደብዛዞቹ ብቅ ይላሉ።

ፎቶ ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ጭጋግም አይጠብቁ፤ እሱን የሚይዘው ረጅም ሰዓት የተከፈተ ካሜራ ነው። «የተወለዱበት ደመና ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። አሁን መንገድ ላይ ያገኙት ሌላ አቧራ ነው።

በመጨረሻ፣ ጎን ለጎን የታየ ሁሉ ዘመድ አይደለም። ከሰባቱ ቀጥሎ የሚወጣው ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አልደባራን ይባላል። ሃያዴስ በሚባል ሌላ ዘለላ ውስጥ ያለ ይመስላል። ግን ሃያዴስ 150 የብርሃን ዓመት ያህል ሲርቅ፣ አልደባራን 65 ገደማ ላይ ነው። ባይኖኩላሩን ወደዚያም ያዙሩት።